ቦዩ ሲቆፈር ጉበታችንን ማን አሰበ?

መልካ ወረር ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ጥጥ ነው። የአዋሽ መስኖ ታሪክ ግን የጤናም ታሪክ ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ቦይ ተዘረጋ፤ ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ወረደ። ቢልሃርዝያም አብሮ ወረደ።

የአንጀት ቢልሃርዝያ ያለበት ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ቦይ ይገባል። እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ በሰውነት ውስጥ ከሚጥለው እንቁላል ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ላይ ይቀራል። ጉበት ይጠባሰላል፤ ከዓመታት በኋላ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰው ደም ያስታውካል።

ሄልሙት ክሎስ፣ አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ የአዋሽን የመስኖ እርሻዎች አጠኑ። በላይኛው አዋሽ፣ ወንጂና መተሐራ፣ የታወቀው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ ወደ አፋር ሲወረድ የሽንት ቧንቧው።

ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል። ታክሞ ወደዚያው ቦይ የሚመለስ ሠራተኛ ግን እንደገና ይያዛል። ክኒን ብቻውን መልስ አይደለም።

ስለዚህ አዲስ የመስኖ እርሻ በተመረቀ ቁጥር ስንት ሄክታር እንደሚለማ ብቻ አንጠይቅ። የሠራተኛው ሽንት ቤትና ንጹሕ ውሃ የት አለ? እንበል።