የእርግዝና መከላከያ መድኃኒት ውጤታማነት ምዘና

የእርግዝና መከላከያ መድኃኒት ውጤታማነት ምዘና አንድን መድኃኒት በመደበኛነት ከሚጠቀሙ ሴቶች መካከል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንቶቹ ሳያስቡት እንደሚያረግዙ የሚለካበት አሠራር ነው። የሚቆጠረው የተከላከለው ሳይሆን ያመለጠው እርግዝና ነው። «99 በመቶ ይከላከላል» ሲባል መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙ 100 ሴቶች አንዷ ታረግዛለች ማለት እንጂ ከ100 ግንኙነት አንዱ ያስረግዛል ማለት አይደለም። ይህን የሚያምታቱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በኢትዮጵያ ምዘናው ከሁሉ በላይ የሚመለከተው በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 36 በመቶ ያህሉ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን 23 በመቶው መርፌውን የመረጡ ነበሩ። በክንድ ሥር የሚቀበረው 8 በመቶ፣ ክኒንና በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ያህል ተጠቃሚ ነበራቸው። መርፌው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ስለሌለውም ከባልና ከቤተሰብ ሰውረው ለሚጠቀሙ ሴቶች ይመቻል።

ሁለት ቁጥሮች

መርፌው ዴፖ ፕሮቬራ በሚል የንግድ ስም ይታወቃል። ውስጡ ያለው ሆርሞን 150 ሚሊ ግራም ሲሆን እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ የማህፀን በር ፈሳሽንም ያወፍራል። ቀጠሮዋን አንድ ጊዜም ሳታዛንፍ ከምትወስድ ሴት ላይ የሚለካው የመክሸፍ መጠን በመጀመሪያው ዓመት 0.2 በመቶ ነው። በተለመደው አጠቃቀም፣ ማለትም የዘገየችውንም የረሳችውንም ጨምሮ ሲለካ፣ የአሜሪካ ግምት 4 በመቶ ያህል ይደርሳል። ለክኒን ቁጥሮቹ 0.3 እና 7 በመቶ፣ ለወንድ ኮንዶም 2 እና 13 በመቶ ናቸው። በክንድ ሥር የሚቀበረው ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ከመቀራረብ አልፈው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ 0.1 በመቶ ገደማ፤ አንዴ ከተቀበረ በኋላ ሴትየዋ የምትረሳው ነገር የለምና። ምንም መከላከያ ከማይጠቀሙ 100 ሴቶች በአንድ ዓመት 85 ያህሉ እንደሚያረግዙ ይገመታል።

በ0.2 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት የመድኃኒቱ ኬሚካል ልዩነት አይደለም። ቀጠሮ፣ መንገድ፣ የመድኃኒት ክምችት፣ የሐኪም ቤት ወረፋ፣ የጎንዮሽ ጉዳትና የቤተሰብ ተጽዕኖ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ ያረገዘችን ሴት «ረስተሽው ነው» ብሎ መሸኘት ከምዘናው ግማሹን መተው ነው።

አቆጣጠሩ

በብዛት የሚጠቀሰው መለኪያ በአሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሬይመንድ ፐርል ስም የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተዋወቀው የፐርል ኢንዴክስ ነው። የእርግዝናዎቹ ቁጥር በ1200 ይባዛና ሴቶቹ ሁሉ መድኃኒቱን በተጠቀሙባቸው ወራት ድምር ይካፈላል። ከወራት ይልቅ የወር አበባ ዑደት የሚቆጠር ከሆነ ማባዣው 1300 ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ባለ 28 ቀን ዑደት 13 ጊዜ ስለሚመላለስ።

ለምሳሌ ያህል 300 ሴቶች መርፌ ጀመሩ እንበል። 200ዎቹ ዓመቱን ሙሉ ቀጠሉ፣ 100ዎቹ ከስድስት ወር በኋላ አቆሙ። የአጠቃቀሙ ድምር 2400 እና 600፣ በጠቅላላው 3000 ወር ነው። መርፌውን እየተጠቀሙ አራት ሴቶች ቢያረግዙ ኢንዴክሱ 1.6 ይሆናል፤ ጥሩ ውጤት ነው። ካቆሙት 100 ሴቶች መካከል ደግሞ በቀሪው ስድስት ወር አሥሩ ሳይፈልጉ ቢያረግዙስ? በስሌቱ ውስጥ የሉም፣ ምክንያቱም ሲያረግዙ «ተጠቃሚ» አልነበሩም። ሁሉም ቢደመሩ ከጀመሩት 300 ሴቶች ያረገዙት 14፣ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ኢንዴክሱ ሌላም ጉድለት አለው። ቶሎ የሚያረግዙ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጥናቱ ስለሚወጡ ጥናቱ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ እያማረ ይሄዳል። የስድስት ወር ጥናትን ከሦስት ዓመት ጥናት ጋር ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ወር ለየብቻ የሚያሰላውን ላይፍ ቴብል የተባለ ሰንጠረዥ ይመርጣሉ።

በሌሎች መድኃኒቶች ምዘና የተለመደው አስመሳይ መድኃኒት እዚህ እምብዛም አይሠራበትም። ማርገዝ ለማትፈልግ ሴት ባዶ ክኒን ሰጥቶ ውጤቱን መጠበቅ ከሕክምና ሥነ ምግባር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሴቶች በዕጣ የሚመደቡት ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ መከላከያዎች ላይ ነው። በኤስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ 7829 ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ኤኮ የተባለ ጥናት እንዲህ ያለ ነበር። ዋና ዓላማው መርፌው፣ የሚቀበረውና ሉፑ በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድል ላይ ልዩነት ያመጡ እንደሆነ ማወቅ ሲሆን ትልቅ ልዩነት አልተገኘም። በጥናቱ 255 እርግዝናዎች የተመዘገቡ ሲሆን ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የተከሰቱት ሴቶቹ የተመደበላቸውን መከላከያ ካቆሙ በኋላ ነው።

የቀጠሮው ነገር

ደራ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ደራ ባለች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንዲት ሴት መርፌውን ከጤና ጣቢያ፣ ከጤና ኬላ ወይም ከግል ክሊኒክ ልትወስድ ትችላለች። አንዱን መርፌ ከአንዱ፣ ቀጣዩን ከሌላው ስትወስድ ወይም ለሥራ ወደ አዳማና ወንጂ ስትሄድ የመጀመሪያው ተቋም መዝገብ ላይ «አልተመለሰችም» ተብላ ትቀራለች። መዝገቡ ብቻውን መድኃኒቱን ያቆመችውን፣ ተቋም የቀየረችውንና ያረገዘችውን አይለይም። ከተቋም መዝገብ ተነስቶ ውጤታማነትን ለመናገር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሴቶቹን ቤታቸው ድረስ ተከታትሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

መርፌው በ13 ሳምንት፣ ማለትም በ91 ቀን አንዴ ይወሰዳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሦስት ወር 90 ቀን ስለሆነ «የዛሬ ሦስት ወር በዚሁ ቀን» የሚል ቀጠሮ በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማል። ጳጉሜን መሐል ሲገባ 95፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 96 ቀን ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ አራት ሳምንት የዘገየች ሴት ተጨማሪ መከላከያ ሳያስፈልጋት ቀጣዩን መርፌ እንድትወስድ ስለሚፈቅድ የጳጉሜን ቀናት አያሳስቡም። እንዲያውም መርፌውን ካቆሙ በኋላ ማርገዝ የሚቻልበት ጊዜ ከሌሎች መከላከያዎች ይልቅ በአማካይ በአራት ወር ያህል ይዘገያል። ይህ ለዘገየችው ሴት ዕድል ነው፤ ለመዛኙ ግን መሰናክል፣ የቀጠሮ መዛነፍን ጉዳት ለጊዜው ይሸፍንበታልና።

የኢትዮጵያ ጥናቶች

በአገር ደረጃ ዋናው ምንጭ ከላይ የተጠቀሰው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 15,683 ሴቶች የተጠየቁ ሲሆን ጠያቂዎቹ ያለፉትን አምስት ዓመታት ወር በወር በሚያሳይ ሰንጠረዥ ላይ ወሊድን፣ እርግዝናን፣ የተጠቀሙትን መከላከያና ያቆሙበትን ምክንያት ሞልተዋል። ወራቱ የተሞሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመሆኑ መረጃውን ከሌሎች አገሮች ጋር የሚያወዳድር ተመራማሪ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመቀየር 92 ወር መደመር አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ውጤቱ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይሳሳትበታል።

በዚህ ጥናት መሠረት መከላከያ ከጀመሩት 35 በመቶው በ12 ወር ውስጥ አቁመዋል። ክኒን የጀመሩት ከሁሉ በላይ፣ በክንድ የሚቀበረውን የጀመሩት ከሁሉ ባነሰ መጠን አቁመዋል፤ መርፌው መሐል ላይ ነው። ከዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ማርገዝ መፈለግና የጎንዮሽ ጉዳት ወይም የጤና ሥጋት ይገኙበታል። መርፌው የወር አበባን ስለሚያዛባ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ስለሚያስቀር፣ ይህን አስቀድማ ያልሰማች ሴት መደንገጧ አይቀርም።

በተመሳሳይ ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ የ43 አገሮችን መረጃ ያጠናቀረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የአገሮቹ መካከለኛ የመክሸፍ መጠን በ12 ወር ለመርፌ 1.7፣ ለክኒን 5.5፣ ለሚቀበረው 0.6 በመቶ ነበር። የመርፌው ቁጥር ከአሜሪካው 4 በመቶ ማነሱ የታዳጊ አገር ሴቶች ቀጠሮ አክባሪ መሆናቸውን ያሳያል ብሎ መቸኮል አይገባም። በየትም አገር ቢሆን ሴቶች ያቋረጡትን እርግዝና ለማያውቁት ጠያቂ ሁልጊዜ አይናገሩም፤ ያልተነገረ እርግዝና ደግሞ ከመክሸፉ ቁጥር ላይ ይጎድላል። እያጠቡ መርፌ የሚወስዱ ሴቶች ብዛትም ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መርፌውን ወደ ቀበሌ አወረደው። ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን ለሦስት ዓመት የሚያገለግል የሚቀበር መከላከያ እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። በማላዊ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የ731 ሴቶች ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ በቆዳ ሥር የሚወሰደውን ባለ 104 ሚሊ ግራም መርፌ ራሳቸው ከወጉት 73 በመቶው እስከ ዓመቱ ሲቀጥሉ በባለሙያ ከተወጉት የቀጠሉት 45 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚወጋው እጅ ብቻ ነበር።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በክኒኑና በሚቀበረው ውስጥ ያለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ኤፋቪረንዝም በሚቀበረው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ውጤታማነቱ በእነዚህ አይቀንስም። በጤነኛ ሴቶች ላይ የተገኘው 0.1 በመቶ እነዚህን መድኃኒቶች ለምትወስድ ሴት እንደማይሠራ ለባለሙያዋ መንገር ያለባትም ለዚህ ነው።

ፖስትፒል እንደ መደበኛ መከላከያ

በኢትዮጵያ ፋርማሲዎች ፖስትፒል በሚል ስም የሚታወቀው ሌቮኖርጄስትሬል የተባለ ሆርሞን ያለው ክኒን ለድንገተኛ ጊዜ፣ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ነው። ደጋግመው የሚገዙት ሴቶች ስላሉ «መደበኛ መከላከያ ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ተመዝኗል። በብራዚል፣ በሃንጋሪ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ግንኙነት የማያዘወትሩ ሴቶች 1.5 ሚሊ ግራሙን በግንኙነት ጊዜ እየወሰዱ የተሳተፉበት ጥናት የፐርል ኢንዴክሱን 7.1 አግኝቶታል። ይህ ከተለመደው የክኒን አጠቃቀም ብዙም የራቀ አይመስልም። ዕድሜያቸው ከ35 በታች የሆኑት ለብቻቸው ሲታዩ ግን ቁጥሩ ከ10 አለፈ፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ደግሞ ግንኙነታቸው በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ የሆነ ሴቶች ነበሩ።