ልዕለ አስተላላፊነትና የሙል እፍግታ ሞገድ በግፊት ውስጥ ባሉ ካልኮጅናይዶች

ልዕለ አስተላላፊነትና የሙል እፍግታ ሞገድ፥ ቅዝቃዜ በበረታ ጊዜ በአንድ ጠጣር አካል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች የሚይዟቸው ሁለት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ማደሪያ ሲገናኙ በግልጽ ከሚታዩባቸው አካላት ዋነኞቹ የሽግግር ብረቶች ካልኮጅናይዶች ሲሆኑ፥ እነዚህም እንደ ኒዮቢየም፣ ታንታለምና ቲታኒየም ያሉ ብረቶች ከድኝ፣ ከሴሌኒየም ወይም ከቴሉሪየም ጋር ተዋሕደው የሚያስገኟቸው ውሑዳን ናቸው። ብዙዎቹ እንደ ብራና ጥራዝ ቅጠል በቅጠል የተነባበሩ ናቸው፤ ቅጠሎቹም በደካማ ኃይል ብቻ ስለሚያያዙ በሚጣበቅ ወረቀት ሊላጡ ይችላሉ። የታንታለም ማዕድን በጉጂ ምድር በቀንጢቻ፥ ድኝም በአፋር በዳሎል ስለሚገኝ፥ ከእነዚህ ውሑዳን የአንዱ ሥጋ ለሀገራችን ምድር እንግዳ አይደለም።

የሆላንዱ ሊቅ ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 በላይደን ባዜቃን እስከ 4.2 ኬልቪን፥ ማለትም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ፥ ባቀዘቀዘ ጊዜ የኤሌክትሪክ መሰናክሉ ድንገት ሲጠፋ አየ፥ ይህም ልዕለ አስተላላፊነት ነው፤ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንደሚጓዙ እስኪያስረዱ ድረስ ግን የነገሩ ምሥጢር ተሰውሮ ቆየ።

ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ በዓል ሲከበር በእንጅባራ ሜዳ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ነገሩን በምሳሌ ሊረዳው ይችላል። ባለኮርቻው ሁሉ በየፊናው ሲጋልብ ፈረስ ከፈረስ ይጋፋል፥ አቧራውም ይነሣል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ልብ ሲጋልቡ ግን ማንም ማንንም ሳያሰናክል ሜዳውን ያቋርጣሉ፤ ይህ ልዕለ አስተላላፊነት ነው። እነዚያው ፈረሰኞች እኩል ባዶ ቦታ እየተዉ በየጭፍራው ተሰባስበው ልጓም ቢስቡ፥ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር የሞገድ መልክ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሥርዓት፥ የሙል እፍግታ ሞገድ፥ ይህ ነው። በጠጣሩ አካል ውስጥ ግን ሜዳው ራሱ፥ ማለትም የአቶሞቹ አቀማመጥ፥ ከጭፍሮቹ ጋር አብሮ በጥቂቱ ይነቃነቃል። በታንታለም ዳይሰልፋይድ ከዚህ የሚወጣው መልክ እጅግ ያስደንቃል፤ 12 የታንታለም አቶሞች በመካከላቸው ወዳለው ወደ 13ኛው እየተሳቡ፥ ሊቃውንቱ የዳዊት ኮከብ ብለው የሰየሙትን ቅርጽ ይሠራሉ።

ቆሞ የተሰለፈ ፈረሰኛ በዚያው ጊዜ ሊጋልብ ስለማይችል፥ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ኤሌክትሮን ይሻማሉ። የሽሚያው ፍርድ የሚታየው በግፊት ነው። ግፊት የነገርን ባሕርይ መለወጡን የእንጅባራ ባለ ጓዳ ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፥ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹ ለመብሰል ይዘገያል። ተመራማሪዎች የሚሹት ግን ጊጋፓስካል የተባለውን፥ ከአየር ግፊት 10,000 እጥፍ ያህል የሚሆነውን ነው፤ ስለዚህ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጠውን ናሙና በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል አስገብተው ይጫኑታል፥ የግፊቱንም መጠን አብሮት ከተቀመጠው የሩቢ ፍንጣሪ ብርሃን ያነባሉ።

ኒዮቢየም ዳይሰሌናይድ ያለ ግፊት ሞገዱን በ33 ኬልቪን፥ ልዕለ አስተላላፊነትን በ7.2 ኬልቪን ይይዛል፥ ሁለቱም አብረው ያድራሉ። ታንታለም ዳይሰልፋይድ፥ የዳዊት ኮከብ ያለበት ዓይነቱ፥ በብርድ ጊዜ ኤሌክትሪክን ይከለክል የነበረው፥ ከ2.5 ጊጋፓስካል ገደማ በላይ ሲጫኑት በ5 ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሞገዱ በ200 ኬልቪን አካባቢ የሚጀምረው ቲታኒየም ዳይሰሌናይድ፥ ከ2 እስከ 4 ጊጋፓስካል ባለው ግፊት እስከ 1.8 ኬልቪን ድረስ ልዕለ አስተላላፊ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ ተነሥቶ አንደኛው ሥርዓት ሲሞት ሁለተኛው ይወርሳል ማለት ለጆሮ ቢጥምም፥ ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኤክስሬይ ቲታኒየም ዳይሰሌናይድን የመረመሩ ሊቃውንት ሞገዱ ልዕለ አስተላላፊነቱ ከሚታይበት የግፊት ወሰን አልፎ እስከ 5 ጊጋፓስካል ገደማ እንደሚዘልቅ አረጋገጡ፤ ይልቁንም ልዕለ አስተላላፊነቱ በሚታይበት ግፊት ሞገዱ በክፍል በክፍል ተከፍሎ፥ ከአቶሞቹም ሥርዓት ጋር መግጠሙን ትቶ ስለተገኘ፥ መሰናክል የሌለው ጉዞ በሞገዱ ክፍሎች መካከል ባሉት ድንበሮች ሳይጸነስ እንደማይቀር አመለከቱ።