ዘውዱን የደፋና ቤቱን የሠራ

ደባርቅ መናኸሪያ ወርዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው «እንዴት ሰነበትክ?» ብትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። በሬው መሞቱን፣ ዝናቡ መቅረቱን የሚነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው። በስሜን ምስጋና ከወሬ ይቀድማል። እኛ የጎንደር ምሩቃንም በተገናኘን ቁጥር እንዲሁ እንላለን፤ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ሲል ሙስሊም ወንድማችን «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ዘንድሮ ቃሉን ከመድገማችን በፊት አንድ የስሜን ታሪክ ላስታውሳችሁ።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ሲገዙ በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጡ። ቤቱም ጳጳሱም ተገኙ፤ የቀረው ዘውዱ ብቻ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥም በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ። ልጃቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በኋላ የቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁም እናት ሆኑ።

ይህን ስንሰማ አብዛኞቻችን «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቴዎድሮስ ዘውድ የደፉት ሌላ ሰው በሠራው ቤት ነው።

እኛስ ጋውን የለበስነው ማን በሠራው ቤት ነው? በ1940ዎቹ ወባ በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር አወጣ። ኋላ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ ቆጥሩት፤ የትምህርት ቤታችን መነሻ የገበሬ ሞት ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ዳባት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲያችን ያኔ ኮሌጅ ሳለ በዳባት የምርምር ጣቢያ ከፈተ። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። የዳባት እናት የቀበረችውን ልጅ ስም ለማታውቀው ወጣት ትነግረዋለች፤ ቡናም ታፈላለታለች። ከዚያ መዝገብ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ወጣ፣ ስንት ሰው ማዕረግ አገኘ! እሷ ግን ጽሑፉን አላየችውም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እዚያው አገር ደረሰ። በዳባት ወረዳ ጭና ከመቶ በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ ተናግረዋል። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለው ሕዝብ በዳባትና በደባርቅ ተጠለለ፤ ያለውም የሌለውም እንጀራውን ተካፈለ። በዚያ ሰሞን ደባርቅ የደወልን ሁሉ የሰማነው መልስ ግን ያው የድሮው ነው፦ «ተመስገን፣ አለን።»

እኔ በዚህ መልስ አፍሬ አውቃለሁ። እኛ «ተመስገን» የምንለው ሲደላን ነው፤ ሹመት ሲመጣ፣ ልጅ ሲመረቅ። እነሱ የሚሉት ነፍሳቸው ስለተረፈች ብቻ ነው። ያም ሆኖ ለእኛ ያካፈሉት ከተረፋቸው አይደለም፣ ከጉድለታቸው ነው።

ስለዚህ በዘንድሮው ስብሰባችን ምስጋናውን እንጀምርና እዚያ ላይ አናቁም። ምርምር የሠራ መምህር ያገኘውን ውጤት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ለጠየቃቸው ሰዎች መልሶ ያንብብላቸው። ሐኪም የሆነ በዓመት አንድ ሳምንት ለዳባት ወይም ለደባርቅ ይስጥ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ታናሽ ወንድማችን ነው፤ መጽሐፍ ያለው መጽሐፍ፣ ልምድ ያለው ልምዱን ይዞለት ይሂድ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሰው ቤት ነግሠናል። ቤቱን የሠሩትን ግን አንርሳ።