ሙሶሊኒ የተኛበት ቤት

የደሴት ኑሮን እያሳቀ የሚተርክ የአማርኛ ልቦለድ አምሮናል። ታሪኩ እኮ አለ!

ራስ እምሩ ያደጉት ዘመድ ቤት ነው፤ ሐረር፣ ራስ መኮንን ዘንድ፣ ከተፈሪ ጋር እየተማሩ። ከገጠር መጥተን እንጭኒ ዘመድ ቤት ተቀምጠን የተማርን ልጆች ይህን ኑሮ እናውቀዋለን። እንጀራው ሲያምረን እንኳ "ጠግቤያለሁ" ማለት ነው። (ስንቴ ብለነዋል!)

እናላችሁ፣ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ላይ በጣሊያን እጅ ወደቁና ፖንዛ ወደምትባል ደሴት ተጋዙ። አብረዋቸው የዘመቱት ሐዲስ አለማየሁም እዚያው ታሰሩ። በ1935 ዓ.ም. ሐምሌ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወረደ። የገዛ አገሩ ሰዎች ይዘው የት ቢወስዱት ጥሩ ነው? ፖንዛ! ያውም ራስ እምሩ ታስረውበት ወደነበረው ቤት። 60ኛ ልደቱንም እዚያው አከበረ፣ ማክበር ከተባለ። ጎረቤቶቹ ደግሞ ራሱ ያጋዛቸው ተቃዋሚዎቹ ነበሩ። እንዲህ ያለ እንግድነት የት ይገኛል?

ሁሉም ግን አያስቅም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ አዚናራ በምትባል ሌላ ደሴት የታሰሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ ሕፃናትም ነበሩ።

ፊታውራሪ መሸሻን እያሳቀ ያስነበበን የሐዲስ ብዕር ለዚህ ሁሉ ይበቃ ነበር። ሆኖም ከ"ፍቅር እስከ መቃብር" (1958 ዓ.ም.) ጀምሮ ሦስቱም ልቦለዶቻቸው የሚያወጉን ስለ አገር ቤት ነው። ስለ ጦርነቱ "ትዝታ"ን ትተውልናል፤ እኛን የጠማን ግን ልቦለዱ ነው። እስቲ ከመካከላችሁ ደፋር ካለ፣ ሙሶሊኒ የእምሩን በር ከሚያንኳኳበት ሌሊት ይጀምርልን።