በቴምስ ዳር ያለው የኬልምስኮት ቤት

ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ለንደንን ብቻ አይቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ጊዜ ብታገኙ የቴምስን ወንዝ ወደ ምንጩ ተከትላችሁ፥ ከኦክስፎርድ ከተማ በላይ ወደምትገኘው ወደ ኬልምስኮት መንደር ብትዘልቁ አትጸጸቱም። በለንደን መርከብ የሚሸከመው ወንዝ በዚህ ስፍራ ጠባብና ዝምተኛ ነው፤ በዳርቻው አኻያ ይበቅላል።

በመንደሩ ዳር በ1600 ዓ.ም. ግድም (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የተሠራ የድንጋይ ቤት ይገኛል። ያሠሩት መሳፍንት ሳይሆኑ ባለጸጋ ገበሬዎች ናቸው። ጣራው የተከደነው በስስ ድንጋይ ሲሆን፥ ድንጋዩ ከታች ሰፋፊ ሆኖ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል።

ይህን ቤት በ1871 ዓ.ም. ባለቅኔውና የጌጥ ነዳፊው ዊልያም ሞሪስ ከሠዓሊው ከሮሴቲ ጋር ተከራየው። ሮሴቲ በ1874 ዓ.ም. ትቶት ሄደ፤ ሞሪስ ግን እስኪሞት ድረስ ተከራይ እንደ ሆነ ኖረ። በአትክልቱ ውስጥ እንጆሪ የሚሰርቁትን ወፎች አይቶ በ1883 ዓ.ም. የነደፈው የጨርቅ ጌጥ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር አንድ ክፉ ልማድ ነበር። የሕንፃ ሊቃውንት አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን እናድሳለን እያሉ፥ የብዙ ትውልድ እጅ የሠራውን አፍርሰው በግምት የፊተኛ መልክ ያሉትን አዲስ ሥራ ይተኩበት ነበር። ሞሪስ ከኬልምስኮት ብዙ በማይርቀው በበርፎርድ ይህ ሲደረግ በ1876 ዓ.ም. አይቶ ተቈጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር ከወዳጆቹ ጋር አቋቋመ። ምክሩ ቀላል ነበር፤ የሚያፈሰውን ጣራ ሳይዘገዩ መድፈን፥ የዘመመውን ግድግዳ መደገፍ፥ አዲሱን ሥራ አሮጌ አስመስሎ አለማታለል ነው። ቀላል ምክር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣራ በየዓመቱ የሚደፍን ሰው መቼም ምረቃ አይደገስለትም።

ሞሪስ በ1896 ዓ.ም. ሲሞት አስከሬኑ ቅጠል በለበሰ የገበሬ ጋሪ ተጭኖ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ወዳጁ ፊሊፕ ዌብ የነደፈው የመቃብር ድንጋይ የቤት ጣራ ይመስላል። ቤቱን የገዛችው ሚስቱ ጄን ናት፤ እርሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ፥ በ1913 ዓ.ም.። ልጁ ሜይ በ1938 ዓ.ም. ስትሞት ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘችው፤ በ1962 ዓ.ም. ግን ለለንደን የጥንታዊ ቅርስ ሊቃውንት ማኅበር ተላለፈ። በዚያን ጊዜ ብርቱ ጥገና ያሻው ነበርና ማኅበሩ ዓመታት ደከመበት።

ቤቱ ለጐብኚ ዕለት ዕለት አይከፈትም፤ ስለዚህ ሳትነሡ ቀኑን ጠይቁ።