የጭቃው ጥበብና መቀሱ

ልብስ ገመናን መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የትውልድ መታወቂያ ነው። በማሊ አገር ወንዶች ሸምነው ሴቶች በቅጠል ውሃና በጭቃ የሚያቀልሙት ቦጎላን የሚባል የጥጥ ጨርቅ አለ፤ አዳኞችና ወላዶች ለጥበቃ ይለብሱት ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ. ም. በካቲ ከተማ የተወለደው ክሪስ ሴይዱ በልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተምሮ ፓሪስ ከተሻገረ በኋላ ከዚሁ ጨርቅ ኮትና ጉርድ ቀሚስ ሊሰፋ አሰበ። ዳሩ ግን ምልክቱ ሁሉ ትርጉም ያለው ስለ ሆነ መቀሱን ማንሣት ከበደው። ቆይቶ ግን ደፈረ፤ በ1990 ዓ. ም. ደግሞ ከቦጎላን የተቀዳ ጨርቅ በፋብሪካ እንዲታተም ንድፍ አወጣ። በ1994 ዓ. ም. ቢሞትም መንገዱን ወጣቶች ይዘውታል።

እንግዲህ የነገውን ልብስ የሚያስብ ሰው የአባቶቹን ጨርቅ ለመቁረጥ አይፍራ፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ግን አይቁረጥ።