ፈርዖን፣ ባሕርና ዕዳ

ግብጽን ለሚጎበኝ ሰው የሚቀርብለት የጉዞ መርሐ ግብር ከየትም አገር ቢነሣ ያው ነው። ሁለት ቀን ካይሮና የጊዛ ፒራሚዶች፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ከሉክሶር እስከ አስዋን በዐባይ ላይ በመርከብ፤ የቀረው ጊዜ ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር፣ ሁርጋዳ ወይም ሻርም ኤል ሼክ፣ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ ፀሐይ መሞቅ። የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ እኔን ከፒራሚዱ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይኸው መርሐ ግብር ነው። ማን አወጣው? በማን ገንዘብ? ጎብኚው እንዲያልፍ፣ መንገዱ ላይ ይኖር የነበረው ሰው ወዴት ሄደ? መቼም ግብጽ ከተነሣች እኛ ዘንድ ወሬው ሁሉ የውኃ ይሆናል። ዛሬ ስለ ውኃ አላወራም፤ ቢያንስ በቀጥታ አላወራም። የማወራው ጥንታዊነትና የባሕር ዳርቻ እንዴት የአንድ አገር ዋና ሸቀጥ እንደ ሆኑ፣ ዕዳም እንዴት ከሁለቱ ጀርባ እንደ ቆመ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከ1869 ልጀምር። በዚያ ዓመት ኖቬምበር የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። ኬዲቭ እስማኤል ካይሮን በፓሪስ አምሳል አዲስ ሠፈር ሠርቶላት፣ የኦፔራ ቤት አቁሞ፣ የአውሮፓን ነገሥታትና መሳፍንት ለምረቃው ጋበዘ። እንግሊዛዊው አስጎብኚ ቶማስ ኩክም የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቹን ይዞ በዐባይ ላይ የተጓዘው በዚሁ ዓመት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእንፋሎት መርከቦቹን ለጎብኚዎች የማሠራት ውክልና ለኩክ ድርጅት ተሰጠ። ዛሬ ከሉክሶር አስዋን የሚደረገው የመርከብ ሽርሽር የዚያ ውል የልጅ ልጅ ነው። ግብዣውም፣ ሠፈሩም፣ ኦፔራ ቤቱም የቆሙት ከአውሮፓ ባንኮች በከባድ ወለድ በተገኘ ብድር ነበር።

ለዚሁ ኦፔራ ቤት እስማኤል አዲስ ሥራ አዘዘ። ሙዚቃውን ጣሊያናዊው ቬርዲ ደረሰው፤ የታሪኩን ሐሳብ ያመነጨውና የተዋንያኑን ልብስ የነደፈው ግን ከ1858 ጀምሮ የግብጽ የጥንታዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት ነው። ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ተከብባ ስለ ነበር ልብሱና የመድረኩ ዕቃ እዚያው ታግዶ ቆየ፤ ኦፔራው ለሕዝብ የታየው በዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ስሙ «አይዳ» ይባላል። አይዳ ማን ናት? ተማርካ በፈርዖን ልጅ እልፍኝ በባርነት የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ! የጥንት ጸሐፍት «ኢትዮጵያ» ሲሉ በተለይ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን ምድር ማለታቸው እንደ ነበር ለተማሪዎቼ ዘወትር እናገራለሁ። ነገር ግን በ1871 ካይሮ ውስጥ ለተቀመጠ ተመልካች፣ ያውም ግዛቱን በቀይ ባሕር ዳርና ወደ ደቡብ ለማስፋት ለተነሣ ገዥ፣ ይህ ልዩነት ቁም ነገር አልነበረም። ፈርዖን በመድረክ ላይ ኢትዮጵያን ድል ነሣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የእስማኤል ጦር ያንኑ በምድር ላይ ሊደግመው መጣ።

ውጤቱን አንባቢ ያውቀዋል። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር የግብጽን ሠራዊት ሰበረው። ከግብጽ መኮንኖች መካከል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ሰዎች መኖራቸውም አላዳነውም። እኛ ታሪኩን ስናወራ እዚህ ላይ፣ በድሉ ላይ፣ እናቆማለን። እኔ ግን ተማሪዎቼ አንድ ቀን ጨምረው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የጉንደት ጦርነት በተደረገበት በዚያው ወር መጨረሻ እስማኤል በስዊዝ ቦይ ውስጥ የነበረውን የግብጽ አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በ1876 ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ አበዳሪዎቹም የአገሪቱን ገቢ የሚቆጣጠር የዕዳ ኮሚሽን አቆሙበት። በ1879 ከሥልጣን ወረደ፤ በ1882 እንግሊዝ አገሪቱን በጦር ያዘች። በ1884 ካርቱም ላይ የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን የተላከውን ሠራዊት በዐባይ ላይ ያጓጓዘው ማን ነበር? የኩክ ድርጅት። ጎብኚ ሲያመላልስ የኖረ ድርጅት ወታደርና ስንቅ ጫነ።

የቅርስ መሥሪያ ቤቱም እስከ 1952 በፈረንሳውያን ኃላፊዎች እጅ ቆየ። በዚያ ዘመን በቁፋሮ የተገኘውን ከቆፋሪው ጋር መካፈል ሕጋዊ ነበር፤ በ1912 የተገኘው የንግሥት ነፈርቲቲ ምስል ዛሬም በርሊን የሚገኘው በዚሁ ሳቢያ ነው። የቱታንካሙን መቃብር የተገኘው ግን በኖቬምበር 1922 ነበር፤ ግብጽ የስም ነጻነቷን ካገኘች ጥቂት ወራት በኋላ። አዲሱ መንግሥት ክፍፍሉን እምቢ አለ፤ ከ5 ሺህ በላይ የሆነው ዕቃም ካይሮ ቀረ። አንድ ሕዝብ የራሱን የጥንት ዘመን ከሌላ እጅ ማስመለስ የጀመረበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ እኔ ከወርቁ ጭምብል ይልቅ ይህን እምቢታ አስበልጣለሁ።

ነጻነት ሲመጣ ግን የሚነሣው ሰው መነሣቱን አላቆመም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሊሠራ ሲል ዩኔስኮ በ1960 ዓለም አቀፍ ጥሪ አቀረበ። ከ1964 እስከ 1968 ባሉት ዓመታት ታላቁ የአቡ ሲምቤል ቤተ መቅደስ በመጋዝ እየተቆረጠ ወደ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደገና ተተከለ። ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ከአስዋን ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ የሚሄደው ጎብኚ የሚያየው ይህንን ነው። የማያየው ደግሞ ከሐይቁ ሥር አለ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የግብጽ ኑቢያውያን ከአባቶቻቸው መንደር ተነሥተው ኮም ኦምቦ አጠገብ ሰፈሩ። ቁጥራቸው ከዚህ የማያንስ የሱዳን ኑቢያውያን ደግሞ ከዋዲ ሐልፋ ተነቅለው፣ ከእኛው ደጋ በሚወርደው በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ኒው ሐልፋ በተባለ ሠፈራ ተቀመጡ። የድንጋዩ ራምሴስ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር ተጽፎበት፣ አንድ ሳይጎድል ተዛውሯል። የኑቢያውያንን ተምርና የመቃብር ቦታ የቆጠረ ቢኖር ግን ያን ያህል አልተጨነቀም።

ይህን የምጽፈው በግብጽ ለመሳለቅ አይደለም። የአቡ ሲምቤል ዘመቻ በ1972 ለወጣው የዓለም ቅርስ ስምምነት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። በስምምነቱ መሠረት በ1978 በወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ከነበሩት 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ተጠግተው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ለጎብኚና ለቅርሱ ደኅንነት ተብሎ ተነሥተዋል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ደባርቅ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ፓርኩ መዳኑ መልካም ነው። የግጭ ገበሬ ደባርቅ ላይ ምን እያረሰ እንደሚኖር ግን የጉብኝት መጽሔቶቻችን ጠይቀው አያውቁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉባኤ ካይሮ ሄጄ፣ ሥራው ሲያበቃ በባቡር ሉክሶር ወረድሁ። ወደ ምዕራቡ ዳር ያሻገረኝ ጀልባ ቀዛፊ ሐበሻ መሆኔን ሲሰማ መጀመሪያ ስለ ግድቡ ቀለደ፤ ቀጥሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። ከዚያም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ራቁቱን የቆመ ኮረብታ እያሳየኝ የአባቱ ቤት እዚያ እንደ ነበረ ነገረኝ። ቦታው ቁርና ይባላል። ሰዎቹ በጥንት መኳንንት መቃብር ላይ ቤት ሠርተው፣ ሲቆፍሩም ሲሸጡም፣ ለአርኬዎሎጂስቶቹ በቀን ሠራተኝነት ሲያገለግሉም ኖረዋል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ስመ ጥሩው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በጭቃ ጡብ ውብ መንደር ሠራላቸው፤ አብዛኞቹ አንገባም አሉ። እንጀራቸው ኮረብታው ላይ ነበረና ምን ይደንቃል? ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ግን ቡልዶዘር መጣ። «ቱሪስት የሚመጣው የሞቱትን ሊያይ ነው፤ እኛ አልሞት ብለን አስቸገርን» አለኝ ቀዛፊው። ስቆ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ወደ ባሕሩ እንምጣ። አሸዋና ፀሐይ ታሪክ የላቸውም የሚል ካለ የሲናን በረሃ ይመልከት። እስራኤል ባሕረ ገቡን በ1967 ያዘች፤ በቀይ ባሕር ዳርም ሠፈሮችን ቆረቆረች። ሻርም ኤል ሼክ ኦፊራ ተባለች፣ ዳሃብ ዲ ዛሃቭ፣ ኑዌባ ኔቪዮት። የመጀመሪያዎቹ የጠላቂ ዋናተኞች ማእከላትና የእንግዳ ማረፊያዎች የተከፈቱት በዚያን ጊዜ ነው። በ1979 በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት መሬቱ በኤፕሪል 1982 ለግብጽ ተመለሰ፤ ታባ ብቻ ቀረች። በታባ ጉዳይ ሁለቱ መንግሥታት ዓመታት የፈጀ ሙግት ገጠሙ፤ ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱ እዚያ የተሠራ ትልቅ ሆቴል ነበር። ገላጋይ ዳኞች በ1988 ለግብጽ ፈረዱ፤ ባንዲራዋም በማርች 1989 ተሰቀለ። ሲዋጉበት በነበረው ዳርቻ ላይ የፀሐይ መከላከያ ጥላ መተከሉ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ አላቃልለውም።

የባሕር ዳርቻው የገነነበት ሌላም ምክንያት ግን አለ። ከ1992 ጀምሮ ጀማዓ አል ኢስላሚያ የተባለው ድርጅት መንግሥትን በኢኮኖሚ ለማንበርከክ በላይኛው ግብጽ ጎብኚዎችን ማጥቃት ያዘ። ይህን ድርጅት አዲስ አበባ ታውቀዋለች፤ በጁን 1995 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ በመጡት በፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የተደረገው የግድያ ሙከራ የእርሱ ሥራ ነበር። በኦክቶበር 1997 «አይዳ» ሉክሶር በሚገኘው በንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ፊት ለእንግዶች ታየ። በቀጣዩ ወር፣ በኖቬምበር 17፣ ታጣቂዎች እዚያው ቦታ 62 ሰዎችን ገደሉ፤ 58ቱ የውጭ ጎብኚዎች ነበሩ። አውሮፓዊው ፈርዖንን ሲፈራ፣ ከሕዝብ ርቆ በአጥርና በፍተሻ ኬላ ሊታጠር የሚችለው ዳርቻ ተፈላጊነቱ ጨመረ። የሲና ቤዱዊኖችም ለዘመናት ግመል ያጠጡበት ዳርቻ ላይ በፖሊስ የሚጠየቁ እንግዶች ሆኑ። አጥሩም ቢሆን አላስተማመነም፤ በ2004 ታባ፣ በ2005 ሻርም ኤል ሼክ፣ በ2006 ዳሃብ ላይ ቦምብ ፈነዳ። በኦክቶበር 2015 ከሻርም የተነሣ የሩሲያ አውሮፕላን ሲና ላይ ወድቆ 224 ሰዎች አለቁ። በ2010 ወደ 14.7 ሚሊዮን ይደርስ የነበረው የጎብኚ ቁጥር በ2016 ወደ 5.4 ሚሊዮን ወረደ። ወደ ቀድሞው ተመልሶ 15.7 ሚሊዮን የደረሰው በ2024 ነው።

በዚሁ በ2024 የሆነውን ሳነብ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት። በፌብሩዋሪ ወር፣ የውጭ ምንዛሬ ተሟጦ የግብጽ ፓውንድ ሲንገዳገድ፣ መንግሥት ከአሌክሳንድሪያ በስተምዕራብ በሜዲቴራኒያን ዳር የሚገኘውን ራስ አል ሒክማ የተባለ ስፍራ ለማልማት ከአቡ ዳቢ የመንግሥት ኩባንያ ጋር የ35 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ። 24 ቢሊዮኑ አዲስ ገንዘብ ነው፤ 11ዱ ቀድሞ በግብጽ ማእከላዊ ባንክ ተቀምጦ የነበረ የኤምሬቶች ተቀማጭ ነው። ማለትም ዕዳው ወደ መሬት ተቀየረ። በማርች ወር ፓውንዱ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተለቀቀ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትም ብድሩን ከ3 ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አደረገ። በኖቬምበር 2025 በጊዛ በይፋ የተመረቀው ታላቁ ሙዚየምም፣ የቱታንካሙን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበበት፣ ከወጪው ብዙው በጃፓን ብድር የተሸፈነ ነው። በሲና ደግሞ በደብረ ሲና ግርጌ፣ ዮስጢንያኖስ በስድስተኛው መቶ ዓመት ባሠራው በቅድስት ካትሪና ገዳም ዙሪያ፣ የሆቴል ግንባታ ተፋፍሟል። የጀበሊያ ቤዱዊኖች የእንግዳ ማረፊያዎች ፈርሰዋል። በሜይ 2025 የግብጽ ፍርድ ቤት መሬቱ የመንግሥት መሆኑን፣ መነኮሳቱ የመጠቀም መብት ብቻ እንዳላቸው ፈረደ፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በብርቱ ተቃወመች።

የስዊዝን አክሲዮን ከራስ አል ሒክማ ጋር ማነጻጸር ማጋነን ነው የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። ልዩነቱን አልክድም፤ ዛሬ የውጭ ጦር ካይሮ ደጃፍ አልቆመም፤ ስምምነቱም ለግብጽ መንግሥት ከትርፉ 35 በመቶ ድርሻ ይሰጠዋል ተብሏል። ሆኖም እስማኤልም ሲሸጥ ያተረፈ መስሎት ነበር። ከሁሉ በላይ ተመሳሳይ ሆኖ ያገኘሁት ግን የሻጩን ማንነት ነው። በ1875 አክሲዮኑ ሲሸጥ ቦዩን በግዴታ ሥራ የቆፈረውን ፈላሕ የጠየቀው አልነበረም። በ2024ም በራስ አል ሒክማ በበለስና በወይራ የሚተዳደሩት ነዋሪዎች ሽያጩን የሰሙት እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ነው፤ ከዚያ በኋላ የተነገራቸው ስለሚከፈላቸው ካሳ ነው።